ስለ ቡድን ልበ ሙሉነት የሚደረግ ክርክር

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች፣ የዓመቱ ውድድር ወደ ፍጻሜው በቀረበ ጊዜ፣ ከሁሉ አብልጠው የሚከራከሩበት ነገር የተጫዋቾቹ ጕልበት ወይም ብልሃት አይደለም። «ልባቸው ሙሉ ነው ወይስ ፈርተዋል?» የሚለው ነው። እኔም በቦስተን ከተማ ብዙ ዓመት ስለ ኖርሁ ይህን ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ዝም አላልሁም፤ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሆኜ ቈይቻለሁ። ዛሬ ነገሩን ሳስበው ክርክሩ ትልቅ ጕድለት እንዳለበት ስለ ታየኝ፣ ነቀፌታውን ከራሴ ልጀምር ብዬ ይህን ጻፍሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ወገን በዱላ ይመታል፤ የመታው ሰው ቤዝ በሚባሉት ማረፊያዎች ላይ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፤ በዘጠኙ እኩል ከሆኑ እስኪሸናነፉ ድረስ ይቀጥላል። በሻምፒዮናው ግጥሚያ ሁለቱ ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ አራት ጊዜ ያሸነፈ አለፈ ይባላል። ታዲያ የእግር ኳስ ጨዋታ በዘጠና ደቂቃ አልቆ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ይህኛው ግን በአንዱ ውርወራና በሁለተኛው መካከል እንኳ የተጫዋቹን ፊት ለመመርመር የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። በአንዱ ጨዋታና በሚቀጥለው መካከል ደግሞ ሌሊትና ቀን አለ። ክርክሩ የሚበቅለው በዚህ ባዶ ሰዓት ነው።

በ2004 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የቦስተኑ ሬድ ሶክስ ከኒው ዮርኩ ያንኪስ ጋር ለአሜሪካን ሊግ ሻምፒዮናነት ተገናኘ። ቦስተን ወርልድ ሲሪስ የተባለውን የመጨረሻ ውድድር ካሸነፈ ከ1918 ጀምሮ 86 ዓመት ሆኖት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ኒው ዮርኮች ወሰዱ፤ ሦስተኛውንማ ፌንዌይ ፓርክ በሚባለው በቦስተን ሜዳ ላይ 19 ለ 8 አሸንፈው ሕዝቡን አንገቱን አስደፉት። በቤዝቦል ታሪክ ሦስት ለባዶ ተመርቶ ከዚያ ተነሥቶ ያሸነፈ ቡድን እስከዚያን ቀን አልተገኘም ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የምሠራው ከሜዳው ብዙ በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው የቦስተን ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ፣ ሁለተኛው ጧት ጧት ትምህርት ቤት እየሄደ ከቀትር በኋላ የሚሠራ ወጣት። በማግሥቱ እሑድ ጥቅምት 17 ቀን፣ አራተኛው ጨዋታ ሳይጀመር፣ ሁለቱ ተያያዙ።

ሽማግሌው፣ «የነዚህ ሰዎች ልብ ትናንት ሞቷል፤ ፊታቸውን አላየህም?» አሉ።

ወጣቱም፣ «ቡድኑን የሚገድለው እንደ እርስዎ ያለ ደጋፊ ነው። ሠላሳ አምስት ሺሕ ሰው ተስፋ ቈርጦ ሲቀመጥ ተጫዋቹ የማያውቅ ይመስልዎታል?» ብሎ መለሰ።

«በ1986 እኔ አምኜ ነበር። ምን አተረፍሁ?»

ወጣቱ ወደ እኔ ዞሮ ፍርድ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ትልቅ ዐዋቂ ሆኜ፣ «እሳቸው እውነታቸውን ነው፤ ልብ የላቸውም» አልሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ጨዋታውን ከፈትሁ፤ ኒው ዮርክ 4 ለ 3 ሲመራ ስምንተኛው ዙር ላይ ዘጋሁና ተኛሁ። ጧት ስነሣ ቦስተን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ዙር፣ 6 ለ 4 አሸንፎ አገኘሁት። ወደ ሥራዬ ስገባ ወጣቱ እየሮጠ መጥቶ «አየኸው?» ቢለኝ፣ «ዐውቀው ነበር፤ ከተጫዋቾቹ ዐይን ላይ አይቼዋለሁ» አልሁት። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በዚያ ቀን መኪናውን ሊያቆም የመጣው ሰው ሁሉ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ዐውቀው ነበር ይል ነበር። «አላወቅሁም፤ ተኝቼ ነበር» ያሉት እኒያ ተስፋ ቈራጭ የተባሉት ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ዳሩ ግን የእኛ ጩኸት ከውሻው ይብሳል፤ ምክንያቱም እኛ ጅቡ ከሄደ በኋላ ስንጮኽ ያባረርነው እኛ መሆናችንን ጭምር እንናገራለን። በአገራችን ፎካሪ የሚፎክረው በገዛ ደረቱ ነው፤ ቃሉን ሳይፈጽም ቢቀር የሚያፍረው እሱው ነው። የኳስ ደጋፊ ግን በሰው ደረት ይፎክራል፤ ቡድኑ ቢሸነፍ እፍረቱን ለተጫዋቹ ትቶ፣ «እኔማ ልብ እንደሌላቸው ቀድሜ ተናግሬአለሁ» ይላል። እንግዲህ የሁለቱ ወገን ክርክር ስለ ቡድኑ ይመስላል እንጂ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ነገ ጧት «ብዬ ነበር» የሚል ማን ይሁን የሚል ሽሚያ ነው።

ልበ ሙሉነት የሚባለውን ነገር ከውጤቱ በፊት ማንም በፊት ላይ ማንበብ እንደማይችል በዚያው ግጥሚያ ውስጥ ማስረጃ አለ። ከርት ሺሊንግ የተባለው የቦስተን ወርዋሪ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ሃምሳ አምስት ሺሕ የኒው ዮርክ ሰው ዝም ማሰኘትን የመሰለ ደስታ እንደማያውቅ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በሦስት ዙር ስድስት ነጥብ ተቈጠረበትና ወጣ፤ ንግግሩም ትዕቢት ተባለ። በስድስተኛው ጨዋታ ያው ሰው፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ልብ ሰባት ዙር ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጠ፤ አሁን ጀግና ተባለ። በመካከሉ የተለወጠው ቍርጭምጭሚቱ ነው። የተጐዳውን ጅማት ሐኪም በስፌት ደግፎለት ስለ ነበር ደሙ ካልሲው ላይ እየታየ ወረወረ። ልቡማ ያው ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2003፣ የቦስተኑ አሠልጣኝ ግሬዲ ሊትል በሰባተኛው ጨዋታ በስምንተኛው ዙር 5 ለ 3 ሲመራ የደከመውን ፔድሮ ማርቲኔዝን ሊጠይቀው ወደ ሜዳው ወጣ። ፔድሮም እችላለሁ አለ። አሠልጣኙ አምኖት ተመለሰ፤ ወዲያው ነጥቡ እኩል ሆነ፤ በዐሥራ አንደኛው ዙር ቦስተን ተሸነፈ። ታዲያ በዚያን ሌሊት ልበ ሙሉነት ጠፍቶ ነበርን? ወርዋሪው በራሱ፣ አሠልጣኙም በወርዋሪው ይተማመኑ ነበር። ሕዝቡ ግን አሠልጣኙን ለምን አመንኸው ብሎ ረገመው፤ ሰውየው ለሚቀጥለው ዓመት አልተቀጠረም። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሳይቈይ ያው ሕዝብ «የጐደለን እምነት ነው» ሲል ሰማሁት።

በ2010 ዓ.ም. «አራት ቀን በጥቅምት» የተሰኘ ፊልም ስለዚህ ግጥሚያ ወጣ። ፊልሙ ደስ ይላል፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። የምነቅፈው ግን ይህን ነው፤ ኬቪን ሚላር የተባለው ተጫዋች ከአራተኛው ጨዋታ በፊት እየተዘዋወረ፣ ኒው ዮርኮች ዛሬ ማታ እንድናሸንፍ ባይፈቅዱልን ይሻላቸዋል እያለ ሲናገር ያሳያል። ፍጻሜውን የሚያውቅ ተመልካች ይህን እንደ ትንቢት ይሰማዋል። ነገር ግን ሚላር ከሃያ አራት ሰዓት በፊት 19 ለ 8 በተሸነፈውም ቡድን ውስጥ ነበር። ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው በዘጠነኛው ዙር ያደረገው ነው። ማሪያኖ ሪቬራ፣ በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት የመዝጊያ ወርዋሪ፣ ፊት ለፊቱ ቆመ። ሚላር በፉከራው ዱላውን አላወዛወዘም፤ መጥፎዎቹን ኳሶች ዝም ብሎ አሳለፈና በአራቱ መጥፎ ውርወራ ሳይመታ ወደ አንደኛው ቤዝ በነጻ ሄደ። ቡድኑን ያዳነው አፉ ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው።

በእሱ ምትክ ሊሮጥ የገባው ዴቭ ሮበርትስ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ከሎስ አንጀለስ የመጣ፣ ደጋፊው እምብዛም የማያወራለት ሰው ነው። ሁለተኛውን ቤዝ ሊሰርቅ እንደ መጣ በሜዳው ያለ ሁሉ ያውቃል። ሪቬራም ስላወቀ ሦስት ጊዜ ወደ አንደኛው ቤዝ እየወረወረ ሊያስቀረው ሞከረ። በመጀመሪያው ውርወራ ሮጠ፤ በስንጥር ርቀት ቀደመ። ቀጥሎ ቢል ሙለር መታና ሮበርትስን አስገባው፤ ጨዋታው 4 ለ 4 ሆነ። ሮበርትስ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ በ1962 ዓ.ም. 104 ቤዝ የሰረቀው ሞሪ ዊልስ ሲያስተምረው፣ ሰው ሁሉ እንደምትሰርቅ እያወቀ መስረቅ የሚገባህ ቀን ይመጣል፣ ያን ቀን አትፍራ ብሎት ነበር። የሪቬራንም አኳኋን አስቀድሞ አጥንቷል። እኔ ልበ ሙሉነት ብዬ ልጠራው የምደፍረው ይህን ነው፤ ይህም በፊት ላይ አይታይም። ኳሱ ከእግሩ ጥቂት ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮስ? የሮበርትስ ልብ ያው በሆነ ነበር፤ እኛ ግን በነጋታው «ምን ያለ ድፍረት ነው፣ ከሪቬራ ላይ ይሰረቃልን?» ባልን ነበር።

ይህ ሁሉ ከንቱ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁትም። ጕዳቱ ግን ሰው ላይ ይወድቃል። ሽማግሌው በ1986 አምኜ ነበር ያሉት ስለ ቢል ባክነር ነው። በወርልድ ሲሪስ ስድስተኛው ጨዋታ፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ ቦስተን በዐሥረኛው ዙር 5 ለ 3 እየመራ አንድ ሰው ማስወጣት ብቻ ቀርቶት ነበር። ሦስት መቺዎች በተከታታይ መቱ፤ ከዚያም በተበላሸ ውርወራ ነጥቡ 5 ለ 5 ሆነ። ልብ በሉ፤ መሪነቱ እዚህ ላይ ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ ነው ቍርጭምጭሚቱን የሚያመው ባክነር በእግሮቹ መካከል ኳስ ያመለጠው። በሁለተኛው ቀን በተደረገው ሰባተኛ ጨዋታም ቦስተን 3 ለ 0 መርቶ ነበር፤ ያንንም አጣ። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ የሁለቱን ሌሊት ሽንፈት፣ አልፎም የሰባ ዓመቱን፣ በአንድ ሰው እግር ላይ አንጠለጠለው። ለምን ቢሉ፣ ብዙ ሰው ተራ በተራ ተሳሳተ ከማለት ይልቅ «ፈራ» ማለት ይቀላል፤ ፈሪ ደግሞ ስም ያስፈልገዋል።

ለወጣቱ ፍርድ ልስጠው ካልሁ፣ የእሱ አሳብ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። የደጋፊ ድምፅ ሰውን ሊያነቃቃ ይችላል፤ አንድ ተጫዋች ሲቀናው እየቀናው ይሄዳል የሚለውም እምነት በሊቃውንት ዘንድ አልተቈረጠም። በ1985 ዓ.ም. ጊሎቪች፣ ቫሎንና ትቨርስኪ የቅርጫት ኳስን መርምረው ይህ የዐይን ስሕተት ነው አሉ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሚለርና ሳንኹርኾ የነሱ ስሌት ራሱ ስሕተት እንዳለበት አሳዩ። ስለዚህ ልብ ምንም አይሠራም አልልም። የምለው፣ ከመቀመጫችን ሆነን የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ዐውቀናል ማለት አይገባንም ነው።

ቦስተን የቀሩትን ሦስት ጨዋታዎች አሸንፎ ያንኪስን ጣለ፤ ቀጥሎም ሴንት ሉዊስን አራት ለባዶ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ወጣቱና ሽማግሌው ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ስለ ውሸቴ ግን አልተናገርሁም።

በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ በቦስተን የዓመቱ መክፈቻ ቀን፣ ባክነር ተጠርቶ የመጀመሪያውን የክብር ኳስ ሊወረውር ወደ ፌንዌይ ገባ። ሕዝቡ ተነሥቶ እጅግ ረጅም ጭብጨባ አደረገለት፤ እሱም እንባውን ጠረገ። እኔና ሽማግሌው በሥራ ክፍላችን ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን እናይ ነበር። እሳቸው አላጨበጨቡም። «ይህን ሰው ስንት ጊዜ ሰደብሁት» አሉና ዝም አሉ። እኔም ያን ጊዜ፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዚያች እሑድ ሌሊት ተኝቼ እንደ ነበርሁ ነገርኋቸው።

«ይህንን ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ንገረው» አሉኝ።

ልጁ ግን ትምህርቱን ጨርሶ ከከተማው ከሄደ ቈይቶ ነበር።