ቀለም ብቻውን ፊት አይሆንም

የስዋሂሊ ቋንቋ አሻንጉሊትን በሁለት ስም ይጠራታል። አንዱ «ምዋናሴሴሬ» ነው፤ ሌላው «ምቶቶ ዋ ባንዲያ»። «ባንዲያ» ለብቻው ሲቆም አሻንጉሊት ማለት ነው፤ ሰው ሠራሽ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ማለትም ነው። ናይሮቢ ውስጥ ቃሉ ከልጆች ጨዋታ ይልቅ የሚሰማው ስለ ሐሰተኛ ሸቀጥ በሚነገርበት ቦታ ነው። «ቢዳ ባንዲያ» ሲባል ከቻርጀር እስከ መድኃኒት ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ሁሉ ማለት እንደ ሆነ በኪሊማኒ ጥቂት ዓመት የኖረ ሐበሻ ያውቀዋል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ ይህን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። አሻንጉሊትንና ማታለልን በአንድ ቃል ያሰረ ቋንቋ፣ ጥቁር አሻንጉሊት ለሚሰበስብ ሰው ሳያስበው ትልቅ ምክር ለግሶታል።

እንዲህ ያለው ሰብሳቢ፣ ወይም ለልጁ አንዲት ብቻ የሚገዛ ወላጅ፣ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው «ይህች አሻንጉሊት ፊቷ የራሷ ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሻጩ ስለ እርሷ የሚለው እውነት ነውን?» የሚል ነው። ፊተኛው ለሐያሲ፣ ኋለኛው ለገበያተኛ የተተወ ይመስላል። አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ ያገላበጠ ሰው ግን ሁለቱም በአንድ ዓይን እንደሚመለሱ ይገነዘባል፤ ፊት ማንበብ የተማረ ገዢ በቀላሉ አይታለልም።

ነገሩ የልጅ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለዓለም ያሳዩት ኬኔት ክላርክና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ምሁራን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ ከቀለማቸው በቀር በምንም የማይለያዩ አሻንጉሊቶች ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ሕፃናት አቀረቡ። ጥሩዋ የትኛዋ እንደ ሆነች፣ መጫወት የሚሹት ከየትኛዋ ጋር እንደ ሆነ ጠየቋቸው። አብዛኞቹ ነጯን መረጡ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ሲወስን፣ ይህ ጥናት ከቀረቡለት ማስረጃዎች አንዱ ነበር። ከጥናቱ ጋር አንድ ሌላ ነገርም ልብ ሊባል ይገባል። ለሕፃናቱ የቀረበችው ቡናማ አሻንጉሊት ከነጯ የምትለየው በቀለም ብቻ ነበር። የራሷ አፍንጫ፣ የራሷ ከንፈር፣ የራሷ ፀጉር ያላት አሻንጉሊት በዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረችም።

የጥቁር አሻንጉሊት ታሪክ ከዚያ ወዲህ የቀለምና የፊት ክርክር ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የባርቢ አምራች የሆነው ማቴል በ1967 «ኮለርድ ፍራንሲ» የተባለችውን አሻንጉሊት ለገበያ አወጣ። የተሠራችው በነጯ ፍራንሲ ቅርጽ ነበር፤ ተመሳሳይ ጭንቅላት፣ ተመሳሳይ ረጅም ለስላሳ ፀጉር፣ የተለወጠው የፕላስቲኩ ቀለም። እንደ ሥራ ሲመዘን ፍራንሲ ያልተሳካ ትርጉም ናት፤ ቃሉ ተለውጦ ዐረፍተ ነገሩ የባዕድ እንደ ቀረበት ጽሑፍ ማለት ነው። ገበያውም ብዙ አልወደዳትም። ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ መሆኗ የሥራዋን ጥራት አይመሰክርም፤ የመጀመሪያነቷንና የጥቂትነቷን ዋጋ እንጂ።

በዓመቱ፣ በ1968፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። በ1965 በዋትስ ሰፈር ከተነሣው ዐመፅ በኋላ «ኦፐሬሽን ቡትስትራፕ» የተባለ የጥቁሮች ራስ አገዝ ድርጅት ተቋቁሞ ነበር፤ መሥራቾቹ ሉ ስሚዝና ሮበርት ሆል ከማቴል የመነሻ እርዳታ አግኝተው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ከፈቱ። ስሙን «ሺንዳና» አሉት። ናይሮቢ ለሚኖር አንባቢ ይህ ቃል ትርጉም አያሻውም፤ በትምህርት ቤት ሜዳ በየቀኑ የሚሰማ፣ «ተወዳደር፣ ተፎካከር» የሚል ስዋሂሊ ነው። የፋብሪካው የመጀመሪያ ልጅ ቤቢ ናንሲ ስትሆን፣ ፊቷ ከነጭ አሻንጉሊት ያልተዋሰ፣ እንደ ጥቁር ሕፃን ተደርጎ የተቀረጸ ነበር። ክብ ጉንጯን፣ ሰፋ ያለ አፍንጫዋን ያየ ሰው ቀራጩ እውነተኛ ሕፃን አይቶ እንደ ሠራ ይገባዋል። ሺንዳና በ1983 ተዘጋ፤ ቤቢ ናንሲ ግን በ2020 በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ የመጫወቻዎች የክብር አዳራሽ ገባች። ፍራንሲ ከናንሲ አንድ ዓመት ብቻ ትቀድማለች፤ የሥራቸው ርቀት ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

የሦስተኛዋ ጉዳይ የተወሳሰበ ነው። ባርቢ ከተወለደች ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ንድፍ አውጪ ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የሠራቻት አሻንጉሊት «ባርቢ» የሚለውን ስም የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ከእርሷ በፊት በ1968 የወጣችው ክሪስቲ የባርቢ ጓደኛ ነበረች፤ የቤቱ ባለቤት አልነበረችም። ፐርኪንስ ፀጉሯን አጭርና የተፈጥሮ አደረገችው፤ ቀይ ልብስ አለበሰቻት። የፊቷ ቅርጽ ግን ቀደም ሲል ለሌላ የማቴል አሻንጉሊት የተሠራ ነበር። ስለዚህ ድሉ የስምና የፀጉር ነበር፤ የፊቱ ድል ቆይቶ መጣ። በ1991 የወጡት ሻኒ፣ አሻና ኒሼል አዲስ የተቀረጸ ፊትና ሦስት የተለያየ የቆዳ ጥላ ይዘው ቀረቡ። ጥቁርነት አንድ ቀለም ብቻ አለመሆኑን ለልጅ ማሳየት ትልቅ እርምጃ ነበር።

ሦስቱ ጥላዎች ለአማርኛ ተናጋሪ ቤት እንግዳ አይደሉም። ቋንቋው «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» ብሎ ሰውን በቀለም መለየትን ያውቅበታል። ልጅ ስትወለድ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ መልኳን የሚመለከት ነው፤ «ቀይ ናት» ሲባል የሚሰማው የድምፅ ለውጥም ለማንም ስውር አይደለም። በናይሮቢ ደግሞ ሐበሻው ራሱን «ጥቁር» ከሚለው ቃል በስተጎን ለማቆም የሚሞክርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ቤት የክላርኮችን ጥናት ለማድረግ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፤ ሳሎን ውስጥ በየቀኑ ይካሄዳል። ለልጅ ጥቁር አሻንጉሊት ገዝቶ፣ በእንግዳ ፊት የልጅን «ቅላት» ማሞገስ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው።

የሐበሻ ልጅ አሻንጉሊት ፋብሪካ አልጠበቀችም። ከቁራጭ ጨርቅ የተሰፋች፣ ከበቆሎ ቆረቆንዳ ተሠርታ በጨርቅ የተጠቀለለች አሻንጉሊት በገጠርም በከተማም ታዝላለች። ይህች አሻንጉሊት ፊት ባይኖራትም የማንም ፊት አልተጫነባትም። የአሜሪካ ጥቁር ሴቶችም ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በእጃቸው የሰፏቸው የጨርቅ አሻንጉሊቶች በ2022 በኒው ዮርክ የታሪክ ማኅበር ቤተ መዘክር ለእይታ ሲቀርቡ፣ የእናት ጓዳ ሥራ እንደ ጥበብ ተቈጠረ። የእኛዎቹ ቆረቆንዳዎች ግን ጨዋታው ሲያልቅ ይጣላሉ፤ ማንም አላስቀመጣቸውም። በ2000ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያውያን ሴቶች በኒው ዮርክ ባቋቋሙት «ኢቲዶልስ» በተባለ ድርጅት የተሠራችው የንግሥት ማክዳ አሻንጉሊት ይህን ክፍተት በከፊል ሞልታለች። ሆኖም ማክዳ ንግሥት ናት፤ በመደርደሪያ ላይ ታምራለች፣ ለመታዘል ግን አልተፈጠረችም። ታሪክን ለማስተማር የተሠራ አሻንጉሊትና ልጅ የምትወደው አሻንጉሊት ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም።

አሮጌ ጥቁር አሻንጉሊት ሁሉ በፍቅር እንዳልተሠራም ሰብሳቢ ሊያውቅ ይገባል። ከ1895 ጀምሮ በእንግሊዝ የልጆች መጻሕፍት የተስፋፋው «ጎሊዎግ» ጥቁርን ለመሣቂያ የሣለ መልክ ነው። በኢንተርኔት ገበያ እርሱም ከቤቢ ናንሲ ጋር በአንድ ፍለጋ ይመጣል። ለታሪክ ማስረጃ የሚሰበስብ ሰው ሊገዛው ይችላል፤ በልጅ አልጋ ላይ ግን ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ሐያሲውና ገዢው ይገናኛሉ። በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው አሻንጉሊቷን በእጁ አይዝም፤ የያዘው ፎቶግራፍና ጽሑፍ ነው። የሻጭ ጽሑፍ የራሱ ቋንቋ አለው፤ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ መፈታት ይገባዋል። «እንክብካቤ የምትሻ» ማለት የተሰበረች ወይም የቆሸሸች ማለት ነው። «ከሳጥኗ ወጥታ የማታውቅ» የሚለው የሳጥኑ ፎቶ ከስድስቱም ጎን ካልቀረበ ባዶ ቃል ነው። «አንድ ለእናቷ» ሲባል ብዙ ጊዜ አንድ ሠዓሊ ፊቷን ፍቆ እንደ ገና ቀብቷታል ማለት ነው፤ ሥራው ሊያምር ይችላል፣ የፋብሪካው ሥራ ግን አይደለም። «በእንዲህ ያለ ዘመን ስልት» የሚል ሐረግ ዕቃው የዚያ ዘመን አለመሆኑን በጨዋነት ይናዘዛል።

በጣም የሚያሳስተው በአሻንጉሊት ጀርባ ላይ የታተመው ዓመት ነው። በማቴል አሻንጉሊቶች ላይ የሚገኘው ቁጥር የቅርጹ የባለቤትነት መብት የተመዘገበበት ዓመት እንጂ አሻንጉሊቷ የተሠራችበት አይደለም። ስለዚህ በ1980 የተሸጠች ባርቢ ጀርባዋ ላይ 1966 ሊነበብ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሻጭ ሳይዋሽ ያሳስታል፤ የሚያውቀው ደግሞ ባለማወቅ ይመካኛል። በአንጻሩ የመጀመሪያዋ ዙር ኮለርድ ፍራንሲ ጠቆር ያለ ቡናማ ፀጉር በዘመን ብዛት ወደ ቀይ ስለሚለወጥ፣ አዲስ ሰው እንከን የሚመስለው ቅላት ለዐዋቂ የማንነት ምልክት ነው። የብረት ጉትቻ ያደረገች አሮጌ ባርቢ ጆሮዋ አካባቢ አረንጓዴ ዝገት ይሰርጽባታል፤ በፊት ለፊት ፎቶ አይታይም። ስለዚህ ገዢ የማጅራቷን፣ የጆሮዋን፣ የጀርባዋንና የመጋጠሚያዋን ፎቶ በቀን ብርሃን ተነሥቶ እንዲላክለት መጠየቅ አለበት። ዕለቱ በወረቀት ተጽፎ ከአሻንጉሊቷ አጠገብ ቢነሣ፣ ዕቃው በሻጩ እጅ ለመኖሩ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

የገንዘቡ መንገድም እንዲሁ ይነበባል። እንደ ኢቤይ ያለ ገበያ ዕቃው እንደ መግለጫው ካልሆነ ገንዘብ የሚመልስ ዋስትና አለው፤ አቤቱታው ዕቃው በደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። ዋስትናው የሚሠራው ግን ክፍያው በዚያው ገበያ ውስጥ ሲፈጸም ነው። «በውጭ እንነጋገር፣ ይቀንስልዎታል» የሚል መልእክት ከመጣ ንግግሩን ማቆም ይበጃል። በፔይፓል «ለወዳጅ ዘመድ» ተብሎ የተላከ ገንዘብም የገዢ ጥበቃ የለውም። በናይሮቢ ደግሞ ብዙዎች ዕቃቸውን በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ ባለ የአስተላላፊ ድርጅት አድራሻ ያስመጣሉ። መንገዱ ምቹ ነው፤ ሆኖም ዕቃው መጀመሪያ ከደረሰበት አድራሻ ወደ ሌላ ከተላለፈ የኢቤይ ዋስትና ይቀራል። ውድ አሻንጉሊት የሚገዛ ሰው በቀጥታ ወደ ኬንያ የሚልክ ሻጭ መፈለግ፣ 16 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና ሌላውን የጉምሩክ ወጪም አስቀድሞ ማስላት ይበጀዋል። ጥቅሉ ሲከፈት በቪዲዮ መቅረጽ፣ ከተከፋ በኋላ ለሚመጣው ክርክር ምስክር ይሆናል።

ለአገር ውስጥ ግዢ ኤምፔሳ ከ2007 ጀምሮ ኑሮን አቅልሏል፤ ፍጥነቱ ግን ለአጭበርባሪም ያገለግላል። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ለማስመለስ የማረጋገጫውን መልእክት ወዲያው ወደ 456 መላክ ይቻላል፤ ተቀባዩ ቀድሞ ካወጣው ግን መመለሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ በቅርብ ያለ ሻጭን እንደ ያያ ማዕከል ባለ ሰው በሚበዛበት ቦታ ቀን ለቀን አግኝቶ፣ አሻንጉሊቷን አገላብጦ፣ ከዚያ በኋላ መክፈል ጥንታዊውና አስተማማኙ መንገድ ነው። የምሥጢር ቁጥርን ለማንም አለመስጠት ሁሉም የሚያውቀው፣ በችኮላ ጊዜ ግን የሚረሳው ነገር ነው።

እነዚህ ጥንቃቄዎች ሁሉ የተሟሉላት አሻንጉሊት እንኳ አንድ ፈተና ይቀራታል። እውነተኛ ፍራንሲ፣ በእውነተኛ ዋጋ፣ ከታመነ ሻጭ ብትገዛም ፊቷ የተዋሰችው መሆኑ አይቀርም፤ ሰብሳቢ ለታሪኳ ሲል ሊያከብራት ይችላል፣ ለልጅ ግን ስለ ፀጉሯ የሚነገር ነገር ይኖራል። በአንጻሩ ዋጋ የማያወጣ፣ ምልክት የሌለበት፣ አያት በቁራጭ ሸማ የሰፋችው አሻንጉሊት ምንም «ባንዲያ» የለበትም።

በኪሊማኒ አፓርታማ ውስጥ የምታድግ ሐበሻ ሕፃን አሻንጉሊቷን በእናቷ ነጠላ ወይም በሞግዚቷ ሌሶ ታዝላለች፤ በዚህ ሁለቱ አገሮች አይለያዩም። የታዘለ ልጅ ፊት ለአዛዩ አይታይም። የሚያየው ከኋላ የሚመጣው ሰው ነው፤ እናት፣ አባት፣ እንግዳ። እነርሱ ፊቱን አይተው የሚሉትን ሕፃኗ ዞራ ሳታይ ትሰማለች።