የሥጋ እገዳና የማስረጃ ጉዳይ

በላፍቶ ከሚገኙት ልኳንዳ ቤቶች ሥጋ የሚገዛ ሰው፣ ባሕር ማዶ ያለ መንግሥት የኢትዮጵያን ከብት አላስገባም ቢል ነገሩ ቶሎ አይሰማውም። እርሱ የሚበላው የበሬ ሥጋ ነው፤ ወደ ዐረብ አገር የሚላከው ግን በአመዛኙ ከቆላ መጥቶ በደብረ ዘይትና በሞጆ ቄራዎች የሚታረድ የበግና የፍየል ሥጋ፣ እንዲሁም የቁም ከብት ነው። ስለዚህ የእገዳው ጉዳት የሚያርፈው በቦረናና በሶማሌ አርብቶ አደር ላይ ሲሆን፣ ስለ እገዳው የሚናገረው የከተማ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይኸው የከተማ ሰው ደጋግሞ የሚሰጠውን አስተያየት ነው፤ ይኸውም «በሽታው በአገራችን አልታየም፤ እንግዲያው እገዳው ግፍ ነው» የሚለው ነው።

በመስከረም 1993 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ በሳዑዲ ዐረቢያ የጂዛን አውራጃና በየመን ተነሣ። ከአፍሪካ ውጭ ሲታይ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር፤ በሳዑዲ ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ቫይረሱ በ1990 ዓ.ም. በኬንያ ከተገኘው ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ሆኖ ተገኘ። ሳዑዲ ዐረቢያም ኢትዮጵያን ጨምሮ የበርካታ የአፍሪካ አገሮችን ከብት አገደች። ኢትዮጵያ ግን በሽታው በግዛቴ ተነሣ ብላ ያስታወቀችበት ጊዜ አልነበረም።

አስተያየቱ በከፊል እውነት አለው። በሽታው ከከብት ወደ ከብት የሚዛመተው በይበልጥ በትንኝ ስለሆነ፣ የቁም ከብትና የታረደ ሥጋ እኩል አያሠጉም። ሥጋው ከታረደ በኋላ በሚገባ ሲያድር በውስጡ የሚፈጠረው አሲድ ቫይረሱን ያጠፋዋል፤ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብም ቢያንስ 24 ሰዓት ያደረና የተመረመረ ሥጋ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ይህን ልዩነት ሳያደርግ ሁሉን በአንድነት የሚዘጋ እገዳ ከሚያስፈልገው በላይ የሄደ ነው።

ነገር ግን አቤት የሚባልበት ሸንጎ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሳዑዲም ኢትዮጵያም የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት አልነበሩም፤ ኢትዮጵያ የአባልነት ጥያቄዋን ያቀረበችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የቀረው መንገድ ዲፕሎማሲ ብቻ ነበር። ታዲያ አምባሳደሩ ምን ይዞ ይቅረብ?

የአስተያየቱ ጉድለት እዚህ ላይ ይገለጻል። «አላየንም» ማለትና «ፈልገን አላገኘንም» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃ ነው። የእንስሳት ሐኪም በማይደርስበት ቆላ በሽታ አለመታየቱ፣ ተመልካች አለመኖሩን ብቻ ሊያመለክት ይችላል። ሰው የሞተበት መንግሥት በቃል ብቻ በሩን ይክፈት ብሎ መጠበቅም ፍትሐዊ አይሆንም።

የራሳችን ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በክፉ ቀን የአገሩን ከብት የፈጀው ደስታ የተባለው በሽታ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱ ከበሽታው ነፃ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ዘንድ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት የደም ናሙና የተሰበሰበባቸው፣ በሽታው በየቆላው የተፈለገባቸው ናቸው። ያን ጊዜ ያመኑን ስለጮኽን ሳይሆን ስለፈለግን ነው።

ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ብዙ ከብት በሚወጣበት በበርበራ ወደብ ላይም የሳዑዲ እገዳ የተነሣው በ2002 ዓ.ም.፣ በዚያ የእንስሳት ማቆያና መመርመሪያ ከተሠራ በኋላ ነው። በጅቡቲም እንዲሁ ያለ ማቆያ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቷል። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም የምርመራው ወረቀት በጎረቤት ወደብ በተጻፈ ቁጥር፣ ስለ ከብታችን ጤና የሚመሰክረው ሌላ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ እገዳን ለመከላከል የሚወጣው ገንዘብ በቅድሚያ ለቦረናና ለሶማሌ ቆላ የእንስሳት ሐኪምና ለላቦራቶሪው ይዋል እንላለን፤ ይህም በሽታው ከመነሣቱ በፊት፣ በደኅናው ዘመን መሆን አለበት። ምርመራው አንዳንድ ጊዜ የማንወደውን ውጤት ያወጣ ይሆናል። ያን ራሱን ደብቆ ከመያዝ ገልጦ መናገር ይሻላል፤ በሽታ ሲገኝ የሚያስታውቅ አገር፣ የለም ባለ ጊዜ ይታመናልና።