ቁምሳጥኑ ሲከፈት፦ የኮሌጆቻችን ብርቅዬ መጻሕፍትና መዛግብት አያያዝ

በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሐምሌ ወር፣ በአሜሪካ ፊላዴልፊያ አቅራቢያ በነበረው ፓልመር ሴሚናሪ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የመዛግብት ቁምሳጥን ስታጸዳ አንድ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ አገኘች። ጽሑፉ 80 ገጽ ነበር። ቤትሆቨን በ1826 «ግሮሰ ፉገ» የተባለውን ድርሰቱን ለፒያኖ ሲያዘጋጅ በገዛ እጁ የጻፈው ነው። በ1890 በርሊን ውስጥ ለጨረታ ከቀረበ በኋላ ሊቃውንት ለ115 ዓመታት የት እንደ ገባ አያውቁም ነበር። በዚያው በ2005 መጨረሻ ለንደን ላይ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ የሰማ ሰው «እንዴት ያለ በረከት ነው!» ይላል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲሁ ብያለሁ። ደግሜ ሳስበው ግን ተግሣጽነቱ በለጠብኝ። ከዚያ ቀደም፣ በ1990፣ በዚያው ሴሚናሪ ካዝና ውስጥ ሞዛርት በእጁ የጻፈው ድርሰት ተገኝቶ ነበር። ሁለቱም ዊልያም ዶን ከተባለው የባፕቲስት መዝሙር ደራሲ ስብስብ እንደ መጡ ይታመናል። ዶን ለፋኒ ክሮዝቢ መዝሙሮች ዜማ የሠራ ሰው ነው። ስብስቡም በልጁ በኩል ለሴሚናሪው ተሰጠ። ከአንዱ ግኝት እስከ ሌላው 15 ዓመት አለፈ። ባለሙያዋ ትጉህ ስለ ነበረች ምስጋና ይገባታል። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው፤ በቤታችን ያለውን ነገር ለማወቅ ለምን የጽዳት ቀን እንጠብቃለን?

በቤት መኖርና መታወቅ

በዝርዝር ያልተመዘገበ ነገር በቤት እያለ የጠፋ ነው። በየኮሌጆቻችን የማየው ድካም ከዚህ ይጀምራል። የቁምሳጥኑ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ በውስጡ ያለውን የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነው። ያ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል። እዚህ ላይ የሚነሣውን መልስ አውቃለሁ፦ «ተማሪዎቻችን መማሪያ መጽሐፍ ሳይኖራቸው ለአሮጌ ወረቀት ገንዘብ ከየት እናመጣለን?» እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ደብተር እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ዕቃው ምንድን ነው፣ ከማን መጣ፣ መቼ መጣ፣ የት ተቀመጠ። ዝርዝሩ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከመደርደሪያው ጋር ይመሳከር። ከአንድ ሽማግሌ ቤት የመጣው ወረቀት ከሌላው ጋር አይቀላቀል፤ የመጣበት ቅደም ተከተልም ይጠበቅ፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ምስክር ነውና። የዛገ ስፒል ይነቀል፤ የተቀደደው ገጽ በስኮች አይለጠፍ፤ ካርቶኑ ከወለል ከፍ ይበል፤ ከፀሐይና ከእርጥበትም ይራቅ።

ብርቅ የሆነው የቱ ነው?

ሁለተኛው ድካማችን የመዘንንበት ሚዛን ነው። ብርቅ ማለት ውድ ማለት አይደለም። አንድ ጽሑፍ ብርቅ የሚሆነው ቢጠፋ ምትክ የማይገኝለት ሲሆን ነው። ባየኋቸው ኮሌጆች በቆዳ የተጠረዘ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ በመስታወት ውስጥ ተከብሮ ይቀመጣል። ያ መጽሐፍ ግን በብዙ ቅጂ ታትሟል፤ በሌላ አገርም ይገኛል። በአንጻሩ በደርግ ዘመን በስቴንስል ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ የአንዲት አጥቢያ ቃለ ጉባኤ፣ ከእስር ቤት የተላከ ደብዳቤ፣ መዝሙር የተቀዳበት ካሴት ከደረጃ ሥር በካርቶን ታጭቆ አቧራ ይጠጣል። የቤትሆቨን ጽሑፍ ገዢ አግኝቷል። የእኛ ስቴንስል በጨረታ ዋጋ አያወጣም፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ከእኛ ሌላ የለም።

ለምን እንጠቀምበታለን?

ሦስተኛው ድካም ጠብቆ አለመጠቀም ነው። በቤትሆቨን ጽሑፍ ላይ ደራሲው እየፋቀ ሲያርም ወረቀቱ የተበሳበት ቦታ አለ። የታተመው ቅጂ የሥራውን ፍጻሜ ያሳያል፤ የእጅ ጽሑፉ ግን ትግሉን ጭምር ያሳያል። የቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤም እንዲሁ ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን «ሽማግሌዎች በአንድ ልብ ወሰኑ» ይላሉ፤ ምንጫቸውም የአንድ አዛውንት ትዝታ ነው። መዝገቡ ቢከፈት ምናልባት የተሰረዘ ውሳኔ፣ ፈርሞ የተመለሰ ሰው፣ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ያልተቋጨ ጉዳይ እናገኝ ይሆናል። ይህ አባቶቻችንን አያሳንሳቸውም። ጸጋ የሠራው በእውነተኛ ሰዎች መካከል መሆኑን ያስተምረናል። የአባቶችን ታሪክ አሳምሮ ብቻ የሚያወራ ትውልድ የራሱን ጠብ በምን ይፈታል?

መክፈት ማለት ግን ያለ ሥርዓት መዝረክረክ አይደለም። አንባቢው እጁን ታጥቦና አድርቆ፣ ስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ይዞ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ብቻ ተቀብሎ፣ ባለሙያ ባለበት ክፍል ያንብብ። የምክርና የሥነ ሥርዓት ፋይሎች የሰው ነውርና እንባ አለባቸው፤ ባለጉዳዮቹ በሕይወት እያሉ አይከፈቱ። ስጦታ ሲመጣም በጽሑፍ ውል ይሁን፦ ማን ሰጠ፣ ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይዘጋል።

ዕዝራ 6ን እናስታውስ። ሽማግሌዎች ቤቱን ሲሠሩ «ማን ፈቀደላችሁ?» ተባሉ። እነርሱም ቂሮስ እንደ ፈቀደ ተናገሩ። ቃላቸው እውነት ነበረ፤ ይሁን እንጂ ዳርዮስ መዝገብ እንዲመረመር አዘዘ። ጥቅልሉም በባቢሎን ሳይሆን ራቅ ባለው በሜዶን አውራጃ ተገኘ። ሥራው እንዲቀጥልና ወጪውም ከንጉሡ ገንዘብ እንዲከፈል ምክንያት ሆነ። ያን ጥቅልል ጽፎ ያስቀመጠው ጸሐፊ ስሙ አልተነገረንም። ለማን እንደሚጠቅም የሚያውቅበት መንገድም አልነበረውም። ሥራውን በታማኝነት ሠርቶ አለፈ።

መጋቢዎች ሆይ፣ አንድ አዛውንት አገልጋይ ሲያርፉ ከለቅሶው በኋላ ወረቀታቸው ወዴት እንደሚሄድ ቤተሰቡን ጠይቁ፤ የሱቅ መጠቅለያ ከመሆኑ በፊት። ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ርእሳችሁን ከመምረጣችሁ በፊት የኮሌጃችሁን ቁምሳጥን አስከፍቱ። ዝርዝር ከሌለው መጀመሪያ ዝርዝሩን ሥሩ፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ከብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ ያ ይጠቅመዋል።