የማይታየው ብር

ድርብ መስታወት ከተገጠመለት መስኮት ፊት ላይተር ለኩሳችሁ መስታወቱን ትንሽ ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱት። አራት ነበልባል ይታያችኋል፤ ሁለቱ መስታወቶች አራት ገጽ ስላላቸው እያንዳንዱ ገጽ የየራሱን ያንጸባርቃል። የአራቱም ቀለም አንድ ከሆነ መስኮቱ ተራ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ሐምራዊ ካደላ ግን እዚያ ገጽ ላይ ብር ተቀብቷል። መስኮት ገጣሚዎች መስታወቱ ተገልብጦ አለመግባቱን የሚያጣሩት እንዲህ ነው። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያይ የሚኖረው ባለቤት ብሩን ልብ ሳይለው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል።

ተራ መስታወት ሙቀት አይቋጥርም። ከሰው፣ ከግድግዳና ከማሞቂያ የሚወጣውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይውጥና በዚያኛው ፊቱ ለብርዱ ያስረክበዋል። ጨረር የመልቀቅ አቅሙ ሲለካ 0.84 ነው። ከ10 እስከ 15 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ብር በጥሩ እጅ ሲቀባበት ይህ ቁጥር ከ0.05 በታች ይወርዳል፤ ብሩ የሚታየውን ብርሃን አሳልፎ የሙቀቱን ጨረር ወደመጣበት ይመልሳል። የብሩ ውፍረት በአቶም ረድፍ ቢቆጠር 50 ገደማ መሆኑ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር የሚፈጀው ብር 0.1 ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ማንም አንጥረኛ ከወለሉ ጠርጎ የሚጥለው ያህል።

ችግሩ ብር መስታወትን አለመውደዱ ነው። በቀጥታ ቢረጩበት፣ ጎመን ዘር በታሸ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ውሃ እየተኮማተረ ነጠላ ነጠላ ጉብታ ይሠራል። እንዲህ የተቆራረጠ ብር ብርሃኑን ያደበዝዛል እንጂ ሙቀቱን አይመልስም። ስለዚህ አስቀድሞ ጥቂት ናኖሜትር ዚንክ ኦክሳይድ ይነጠፋል፤ የዚንክ ኦክሳይዱ ክሪስታሎች በሥርዓት ተሰልፈው ስለሚቆሙ ብሩ በእነሱ ላይ ሳይበጣጠስ ይተኛል። ከሥራው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ስሙ የሚነሳው ብሩ ነው፣ ብሩን ብር የሚያደርገው ግን ከሥሩ ያለው ንጣፍ ነው።

ከብሩ በላይ የሚመጣው ሽፋን ብዙ ጊዜ የሚረጨው ኦክስጅን ባለበት ፕላዝማ ውስጥ ነው፤ ኦክስጅኑ ደግሞ ብሩን ያበላሸዋል። መከላከያው ከብሩም እጅግ የሳሳ ቲታኒየም ነው። ቲታኒየሙ ቀድሞ ኦክስጅኑን ራሱ ይቀበላል፤ ተቀብሎ ኦክሳይድ ሲሆን ደግሞ ብርሃን አሳላፊ ስለሚሆን ዓይን ላይ አይጋረጥም። ከላይና ከታች ያሉት ሌሎች ንብርብሮች ብሩ እንደ ፊት መስታወት እንዳያብለጨልጭ ነጸብራቁን ያጠፉለታል። ሁለትና ሦስት የብር ሽፋን ያላቸውም አሉ፤ ንብርብራቸው በጠቅላላው ከአሥር ያልፋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው 6 ሜትር በ3.21 ሜትር በሆነ መስታወት ላይ ነው። መስታወቱ አየሩ በተመጠጠለት ረጅም ክፍል ውስጥ እየተንከባለለ ሲያልፍ የአርጎን አዮኖች የብሩን ሰሌዳ እየመቱ አቶሞቹን ያረግፉበታል። የሽፋኑ ውፍረት እዚህም እዚያም በጥቂቱ ከተዛባ ጉዱ የሚታየው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዱ መስኮት አረንጓዴ፣ ጎረቤቱ ሮዝ ሆኖ ፊቱ ዥንጉርጉር ይሆናል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ደግሞ ሽፋኑ ከጠርዙ ዙሪያውን ተፍቆ ይነሳል፤ ማሸጊያው ንጹሕ መስታወት ይዞ እንዲጣበቅና እርጥበት ብሩን ከዳር እንዳይበላው። ይህቺ የጠርዝ ሥራ ከተዘለለች የቀረው ጥበብ ዋጋ የለውም።

ግን ብር ሳይቀባ አስቀድሞ የተገጠመ መስኮት ምን ይሁን? ኒውዮርክ ያለው ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በ2010 6,514 መስኮቶቹን ሲያድስ መስታወቶቹን አልጣላቸውም። ሠራተኞቹ እዚያው ሕንፃ 5ኛ ፎቅ ላይ በተከፈተ ወርክሾፕ ሁለቱን መስታወቶች እያላቀቁ አጠቡ፣ በመሃላቸው ቅብ ያለው ስስ የፕላስቲክ ፊልም ሰቀሉ፣ ክፍተቱን በጋዝ ሞልተው መልሰው አሸጉ። ከነባሩ መስታወትና ፍሬም 96 በመቶ ያህሉ እንደገና ሥራ ላይ ዋለ። እጃቸው ይባረክ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ፊልም ዝም ብሎ አይወጠርም። በሙቀት ተኮማትሮ ነው መኖሩ እስኪጠፋ ድረስ ልሙጥ ሆኖ የሚወጠረው። አንዲት ሽብሽባት ብትቀር ማንሃተን በዚያ መስኮት ተጣማ በታየች ነበር።