መብራቱ መቼ በራ?

የአሮጌ መኪና ቼክ ኢንጅን ሲበራ በየጋራዡ የተለመዱ ሁለት አቋራጮች አሉ። አንዱ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ማሰር ነው፤ ሌላው ስካነር ሰክቶ በኮዱ የተጠራውን ሴንሰር መቀየር። ሁለቱም መብራቱን ያጠፉታል፤ ሰንበት ብሎ ግን ይመለሳል። በእኔ እምነት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥያቄያችን ቅደም ተከተል ላይ ነው። «ምን ልቀይር?» ከማለታችን በፊት «መኪናው ምን እያደረገ ሳለ በራ?» ማለት ነበረብን። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ በአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው የምርመራ ሥርዓት ለዚህ መልስ አለው፤ ኮምፒውተሩ መብራቱን ሲያበራ የዚያን ቅጽበት የሞተር ዙር፣ ፍጥነት፣ ሙቀትና ጭነት አብሮ ይመዘግባል። ኮዱን ሳያነብ ያጠፋ ሰው ይህንንም ያጠፋል።

ኮድ ከሳሽ እንጂ ዳኛ አይደለም። ደጋግሞ የሚመጣውን ፒ0171ን እንውሰድ። የሚለው ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር አንሷል ነው፤ ኦክስጅን ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላለም። እንዲያውም ይህን የነገረን ራሱ ሴንሰሩ ነው። አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የቆሸሸ ኤር ፍሎው፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ከሴንሰሩ በፊት የሚተነፍስ የጭስ ማውጫ ጋስኬት፣ ሁሉም ይህንኑ ኮድ ሊያመጡ ይችላሉ። የሚለያቸው ጊዜው ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ በሚኒሞ ላይ ይከፋል፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ በስንጥቁ የሚገባው ድርሻው ትልቅ ነው። ዙሩ ወደ 2,500 ሲወጣ ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ቤንዚን ወደ ልኩ ይመለሳል። ፓምፕ ወይም ፊልትሮ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሚኒሞ ሰላም ነው፣ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ሲጠይቅ ይጎድላል። ይህን ልዩነት ለመፈተን ደግሞ ወልድያ የታደለች ናት። ከመርሳ በሲሪንቃ በኩል የሚመጣውን መንገድና ወደ ድልብ የሚያወጣውን ዳገት ያየ ሰው ሁለቱ ለሞተር አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ስካነሩን ሰክቶ በሁለቱም ላይ የቤንዚኑን ማስተካከያ ማንበብ ግማሹን ተጠርጣሪ ነጻ ያወጣል።

«ቀየርነው፣ ሳምንት ሠራ» የሚለው ማስረጃም አያሳምነኝም። ብዙዎቹ ጥፋቶች መብራቱን የሚያበሩት በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ሲታዩ ነው፤ በሦስት ንጹሕ ጉዞ ደግሞ ይጠፋል። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የለመደውን ማስተካከያ ከዜሮ ይጀምራል፣ ፈተናዎቹንም እንደገና ማካሄድ አለበት። ከፒያሳ መናኸሪያ እያለ የሚመላለስ መኪና ፈተናውን ሳይጨርስ ቀናት ሊያልፉት ይችላሉ። ያ ሳምንት የዕቃው ሥራ ላይሆን ይችላል።

ከፍታውን የሚያማ አለ። ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በእርግጥ ስስ ነው። ነገር ግን ኤር ፍሎው የሚለካው የአየሩን ክብደት ነው፤ ኤር ፍሎው የሌላቸውም ግፊቱን ይለካሉ። ስለዚህ ከፍታ ብቻውን ይህን ኮድ አያመጣም። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ግን ሊያመጣ ይችላል፤ እሱም ቢሆን የሚጣራው መብራቱ የበራበት ቀን ቤንዚኑ ከተቀዳበት ቀን ጋር ሲገጥም ነው። ጠንከር ያለው መቃወሚያ የገንዘብ ነው፤ ባለመኪናው ለምርመራ መክፈል አይወድም፣ ዕቃ ሲያይ ግን ይከፍላል። እውነት ነው። ሆኖም ያገለገለ ሴንሰር ከሶማሌ ተራ ተነሥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲደርስ ስህተቱ እዚህ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይወደዳል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ይቆያሉ።

«መኪናው ደህና ይሄዳልና ይብራ» የሚለውን ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ እየዘለለ ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱን ያቃጥላል፤ ጭነቱን ቀንሶ ማቆም ይገባል። ጸንቶ የሚበራውን ግን፣ ለምሳሌ የካታሊስት እርጅና ከሆነ፣ ባለቤቱ ዋጋውን አይቶ ሊታገሠው ይችላል። ችግሩ መብራቱ አንድ መሆኑ ነው፤ ነገ ሌላ ጥፋት ቢጨመር ሌላ መብራት አይበራም። እንዲህ የወሰነ ሰው ኮዱንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ዘይት በለወጠ ቁጥርም ያስነብበው።