ያለ ኔትወርክ የሚከፈት ሂሳብ

የሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ «ፒችትሪ የሚችል» የምትለዋን መስፈርት ያውቃታል። እኛ ከተማ፣ ደብረ ታቦር ላይም ያው ነው። ብረታ ብረት የሚሸጠው ነጋዴ፣ ሕንፃ ተቋራጩ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ትናንት ከኮሌጅ የወጣው ወጣት፣ ሁሉም የሚገናኙት ፒችትሪ 2010 በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ፕሮግራሙ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ አትላንታ ውስጥ ተወለደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ እጅ ገባ፤ በ2012 ደግሞ ስሙ ራሱ ተቀይሮ «ሴጅ 50» ተባለ። ሽያጩም ቀስ በቀስ በየዓመቱ ወደሚከፈል ኪራይ ዞረ። እኛ ዘንድ ግን ስሙም ዓመቱም እንደነበረ አለ።

ብዙ ሰው ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርገዋል። እኔ አይመስለኝም። ሂሳብ እየሠራሁ ለሌላውም ፕሮግራም እየጫንኩ ስኖር የተረዳሁት፣ አንድ ሶፍትዌር የራስ መሆኑ የሚለየው ኔትወርክ በጠፋ ቀንና ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቀን መሆኑን ነው። በእነዚያ ቀናት አልከፈት ካለ፣ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ተከራይተነዋል እንጂ አልያዝነውም።

በቅድሚያ፣ አሜሪካዊው ነጋዴ በየዓመቱ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ እንይ። ከሚያገኘው ጥቅም ዋነኛው የደሞዝ ግብር ሠንጠረዥ ነው። ሕጉ ሲለወጥ ኩባንያው አዲሱን ስሌት ይልክለታል። የኢትዮጵያን ግብር ግን የሚልክልን የለም። ፒችትሪ ውስጥ የገቢ ግብሩን፣ 7 በመቶውን የሠራተኛ ጡረታና 11 በመቶውን የአሠሪ መዋጮ ቀመር የምንጽፈው እኛው ነን። ሐምሌ 2017 ላይ የገቢ ግብር ማሻሻያው ሥራ ላይ ሲውል ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ እርከኖቹም ተቀየሩ። በቀድሞው ሕግ የ8,000 ብር ደሞዝተኛ ግብር 30 በመቶ ተሰልቶ 955 ብር ሲቀነስለት 1,445 ብር ይመጣ ነበር። በአዲሱ 25 በመቶ ተሰልቶ 850 ብር ይቀነሳል፤ የሚከፍለው 1,150 ብር ነው። ይህን የተሻሻለ ቀመር ስጽፍ አሮጌው ፕሮግራም ያለ ምንም ማንገራገር ተቀበለኝ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ፕሮግራሙ ይህን የሚያውቀው ጁላይ 8 ብሎ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን የሂሳብ ወር በእጃችን እንከፍላለን። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እናዳብላለን፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም በሴፕቴምበር 12 እንዲጀምር እናስተካክላለን። ይህ ጥንቃቄ የሙያው እምብርት ነው። የትኛውም አዲስ ዕትም እስካሁን አላስቀረልንም፤ ስለዚህ ለአዲሱ ዕትም የምንከፍለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከሥራችን ጋር አይገናኝም።

ወጪው የሚመጣው ባልታሰበ በኩል ነው። ፕሮግራሙ ሳያረጅ የተጫነበት ማሽን ይሞታል። አዲሱ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ መስፈርቱን አሟልቶ የሚጫነው በአመዛኙ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ማሽኖች ላይ ነው። ፒችትሪ 2010 የተሠራው ለኤክስፒ፣ ለቪስታና ለዊንዶውስ 7 ዘመን በመሆኑ በአዲስ ማሽን ላይ መጫኑ ያስቸግራል። አንዲት የእህል ነጋዴ ኮምፒውተራቸው ሲቃጠል እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ደብተር ቢሆን ተሸክሜው እሄድ ነበር። ይሄ ለምን አይሻገርም?» «ይሻገራል እትዬ፤ ግን መጫኛው፣ ሲሪያል ቁጥሩና መጠባበቂያ ቅጂው አብረው ካሉ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ዘንድ ከሦስቱ የተገኘው መጠባበቂያው ብቻ ነበር።

ዲስክና ዳውንሎድ የሚነጻጸሩትም እዚህ ላይ ነው። ዳውንሎድ ምቹ ነው፤ ሲዲ ይጫጫራል፣ ይሰበራል። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ማይክሮሶፍት 365ን የመሰለ የኪራይ ፕሮግራም ቢያንስ በየ30 ቀኑ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ ሰነዱን እንድታነብ እንጂ እንድትጽፍበት አይፈቅድም። ክፍያህን ጨርሰህም እንኳ እንዲያው ነው። በእነዚያ ወራት በአካባቢያችን ከጋሳይ እስከ ንፋስ መውጫ ሥራ ሳይቆም የዋለው መጫኛው በዲስክ ወይም በፍላሽ በእጁ የነበረው፣ ፈቃድ ለመጠየቅ የትም የማይደውል ፕሮግራም የያዘ ሰው ነው።

ሌላው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። ለኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ደግሞ የከተማችን ነጋዴ እጅ የለም። ቢኖረውስ? የማይክሮሶፍት 365 የግል ደንበኝነት በዓመት 69.99 ዶላር ነበር። አንዱ ዶላር በ57 ብር ሂሳብ 4,000 ብር ገደማ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ተወሰነ፤ ብዙም ሳይቆይ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኩባንያው ዋጋውን ወደ 99.99 ዶላር አሳደገ። እንግዲህ ያው ቃል መጻፊያ፣ ያው ሠንጠረዥ፣ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተከፍሎበት በእጅ የቀረ ፈቃድ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ጭማሪ አያውቅም።

ይህን ስል ክራክን፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂን፣ እየደገፍኩ አይደለም። በየሱቁ ያለው ፒችትሪ አብዛኛው ያለ ፈቃድ የተገለበጠ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በሕጋዊ መንገድ የሚገዛበት ሱቅ በአቅራቢያ አለመኖሩ እውነት ነው፤ ግን ክራኩ ጸረ ቫይረስ አጥፋ ይላል፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዞረ የዓመት ሂሳብ ይዞ ይጠፋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል። እዚያው ላይ በሕጋዊ መንገድ ፕሮግራሙን የያዘ ሰው ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት አንድ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። ይህ መብት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጠቅመው ግን ገዝቶ ለያዘ ሰው ነው። በዚያ ላይ ያለ ፈቃድ መገልበጥ የልምድ ያህል ሲሆን የሚጎዳው ሴጅን ብቻ አይደለም። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የሠሩት የአገራችን ባለሙያዎችም ሥራቸው በዚሁ መንገድ ሲዞር ኖሯል። በብር ሊሸጥልን የሚችለውን ሰው ሥራ በነፃ እየወሰድን፣ በዶላር የሚሸጠው ተወደደብን ማለት አያምርብንም።

ነፃ የሆነውንም ልንዘነጋው አይገባም። ኡቡንቱን የሚያሠራጨው ካኖኒካል እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠያቂዎች ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር፤ ያንን ዲስክ አባዝቶ ለጓደኛ መስጠት ሕጋዊ ነበር፣ ዛሬም ነው። ሊብሬኦፊስ አማርኛ ገጽታ አለው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በፍላሽ መላውን ወረዳ ያዳርሳል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም።

ለሂሳብ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የፒችትሪ ፋይል በአዲስ ዕትም አንድ ጊዜ ከተከፈተ በአሮጌው አይከፈትም፤ ስለዚህ ከመሞከር በፊት የፒቲቢ (.ptb) መጠባበቂያ ፋይሉን ለይቶ ማኖር ግድ ነው። በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ዋናውን መዝገብ፣ የሙከራ ሚዛኑንና የደሞዝ ዝርዝሩን በኤክሴልና በፒዲኤፍ አውጥቼ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። የግብር ኦዲተር ከዓመታት በኋላ ሲመጣ የሚጠይቀው ሂሳቡን እንጂ ፕሮግራሙን አይደለም። አሮጌውን ዊንዶውስ ከነፒችትሪው በቨርቹዋል ማሽን አዲስ ላፕቶፕ ውስጥ ማኖርም ይቻላል፤ የሚጠይቀው ጥቂት ትዕግሥት ነው።

ኮሌጆቻችን ለዚህ ሙያ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ አለ። ተማሪው የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ቀመሩ እንዴት እንደሚጻፍ ቢማር፣ ከፒችትሪ ጎን ግኑካሽን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ቢሞክር፣ የትም ቢቀጠር እጁ አይታሰርም። የአገራችን ሶፍትዌር ሠሪዎች ደግሞ ሐምሌ 1 ብሎ የሚጀምር፣ ጳጉሜን የሚያውቅ፣ የኢትዮጵያን ግብር ይዞ የሚመጣ፣ ከፍላሽ የሚጫንና ያለ ኔትወርክ የሚከፈት የሂሳብ ፕሮግራም ይሥሩልን። ዋጋው በብር ይሁን፤ ፈቃዱም አንዴ ከተገዛ በገዢው እጅ ይቅር። የግብር ሕጉ ሲለወጥ ማሻሻያውን ቢሸጡልን ያን ጊዜ የምንከፍለው በትክክል ለምንጠቀምበት ነገር ነው፤ የከተማችን ነጋዴም እንዲህ ላለ ነገር መክፈል አይከብደውም።