ጠመኔው ሳይነሳ

ኮሶዬ ላይ ጉም ከገደሉ ሥር ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጠፋው የቆላው ሜዳ ነው፤ ቀጥሎ ባሕር ዛፉ፣ በመጨረሻም የትምህርት ቤቱ አጥር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮሶዬ የደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ያንን ገደልና ጭላዳውን ነው። እኔ ግን የዚያን እሑድ ከሰዓት ያየሁት ሌላ ነገር ነበር።

አንዲት ዕጩ መምህርት ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማለች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «በ»ን ጻፈች። ጠመኔውን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ዴስክ ሄደችና ተቀመጠች፤ አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ አየችው። ተመልሳ አጠፋችው። እንደገና ስትጽፈው እግሮቹን አስረዘመች፣ በእግሮቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ሰፋ አደረገችው። ደግሞ ወደ ኋላ ሄደች። አራት ጊዜ ተመላለሰች።

«አንገትሽን የምታዘነብይው ለምንድን ነው?» አልኳት ከበሩ ላይ ሆኜ።

«እዚህ ፊት ረጅም ልጅ ይቀመጣል ጋሼ። ከኋላው ያለችዋ ሁልጊዜ በጎን ነው የምታየው።»

ለዓመታት የዕጩ መምህራንን ልምምድ ከክፍል ኋላ ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በአገራችን የመምህራን ሥልጠና ውስጥ ፕራክቲከም የሚባለው የትምህርት ቤት ልምምድ ሰፊ ቦታ ከያዘ ጀምሮ፣ ሠልጣኙ ገና ዲፕሎማውን ሳይዝ ከልጆች ፊት ይቆማል። ጥሩ የሚናገር፣ ድምፁ የሚያምር፣ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኝ ብዙ አይቻለሁ። ልጁ ከሚቀመጥበት ዴስክ ላይ ራሱ ተቀምጦ ጽሑፉን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

የዕለት ትምህርት ዕቅዷን አሳየችኝ። ቅጹ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና፤ ሁሉም በ40 ደቂቃ ተከፋፍሎ። ብዙዎች ለተቆጣጣሪ ፊርማ ብለው ይሞሉትና ደብተሩን ይዘጉታል። እሷ በቀኙ ኅዳግ ላይ በእርሳስ አንድ ዓምድ ጨምራለች። ከላዩ ላይ «የሚሳሳቱበት» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ጽሑፍ፦ «በ»ን «ሰ» ይሉታል። «ባ»ና «ቦ» ይምታቱባቸዋል። «ብርድ»ን ሦስት ቦታ ቆራርጠው ያነቡታል።

ስለዚህ ዓምድ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፤ የሙያው ጥበብ ያለው እዚያ ነውና።

ፊደላችን 33 በ7፣ ማለትም 231 ቅርጽ ነው። ለአዋቂ ሰው ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን 231 የተለያዩ ሥዕሎች ናቸው። መምህርቷ ሥርዓቱን በቃል አላብራራችም፤ ሠራችው። ከካርቶን በምላጭ ጥርት አድርጋ የቆረጠችው ትልቅ «በ» አለ። ከጎኑ አንዲት የስንደዶ ቁራጭ፣ የጣት ርዝመት ያላት። ቁራጯን በ«በ» ወገብ ላይ በስተቀኝ ስታስጠጋት «ቡ» ትሆናለች። ወደ ቀኝ እግሩ ሥር ወደ ጎን ስታወርዳት «ቢ»። ቀኝ እግሩን በእሷ ስታስረዝመው «ባ»፣ ግራውን ስታስረዝመው «ቦ»። በግራ ወገቡ ላይ ስትለጥፋት «ብ»። ለ«ቤ» ብቻ ከዚያው ስንደዶ የተጠቀለለች ቀለበት አዘጋጅታለች። አንድ ሰበዝና አንድ ቀለበት ስድስቱን ድምፅ አወጡ! ካርቶኑ እንዳይጠቀለል ሌሊቱን ከድንጋይ ሥር አሳድራዋለች፤ የስንደዶዋን ጫፍና ጫፍ ደግሞ የልጅ ጣት እንዳይወጋ በክብሪት ለብልባ አደንድናዋለች። ይህን ማንም አልነገራትም፤ በምዘና ቅጹም ላይ ነጥብ የለውም።

ይህ መንገድ በሁሉም ፊደል ላይ እንደማይሠራም ታውቃለች። «ሩ»ና «ፉ» ወገባቸው ላይ ሰረዝ የላቸውም። ሳድስማ ከነጭራሹ አይገዛም፤ «ል» ሌላ፣ «ም» ሌላ፣ «ን» ሌላ። ስለዚህ ስንደዶዋን ለ«በ» ብቻ አዘጋጀቻት፤ ልጁ አንዴ ሥርዓት እንዳለ በእጁ ከዳሰሰ በኋላ ከሥርዓት የሚወጣውን እንደ እንግዳ ይቀበለዋል፣ አይደነግጥበትም።

እዚህ ላይ የኔታን ማንሳት ግድ ይለኛል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ልጅ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ይቆጥራል፤ ጥቂት ቀን ሲቆይ ዓይኑ ዛፍ ላይ ሆኖ አፉ ብቻውን መሄድ ይጀምራል። የጥንት ሊቃውንት ይህን አውቀው መድኃኒቱን ሠርተውለታል፤ አቡጊዳን። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ተብሎ በየረድፉ ቤቱም ድምፁም ስለሚለዋወጥ ዜማው ልጁን አያድነውም፤ ማየት አለበት። ከስንት ዘመን በፊት የልጅን አእምሮ እንዲህ አጥንቶ ይህን ያዘጋጀውን ሰው ባገኘው እጁን እስም ነበር። አሜሪካዊው የጽሕፈት ሥርዓት አጥኚ ፒተር ዳኒየልስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የእኛንና የሕንድን ዓይነት ጽሕፈት የሚጠራበት ስም ሲፈልግ የወሰደው ይህንኑ «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ነው። የመምህርቷ ኅዳግና አቡጊዳ የአንድ እጅ ሥራ ይመስሉኛል፤ ሁለቱም የተሠሩት ልጁ የሚስትበትን ቦታ ቀድሞ በማየት ነው።

ከዚያ ትውፊት አለንጋው ይቅር። እኔ ራሴ በልጅነቴ «ሠ»ን «መ» ብዬ መዳፌ ላይ ከቀመስኩ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን አላወጣሁም። ፊደሉን አወቅሁት፤ መጠየቅን ነው የተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ከኋላ ዴስክ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ከነጋቢያቸው ገቡ፤ አንዳንዱ ጅራፉን በር ላይ አቁሞ። ባለፉት ዓመታት ኮሶዬ ባለበት ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች በግጭት ምክንያት ተዘግተው ስለቆዩ ከሰባት ዓመት ልጆች መሐል የ11፣ የ12 ዓመት ልጅ ማግኘት እንግዳ አይደለም። አንዱ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ጉልበቱ ዴስኩን እየነካው ተቀምጧል።

ሰሌዳው ላይ «ብርድ» ብላ ጻፈች። ለኮሶዬ ልጅ ይህ ቃል ፍቺ አያስፈልገውም። እንደተፈራው «ብ፣ ር፣ ድ» ብለው ለያይተው አነበቡት፤ ሦስት ሳድስ፣ ግን አናባቢ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እሷም ሦስቴ አጨበጨበች፣ ቀጥላ ሁለቴ፣ ቀጥላ አንዴ። በአንዱ ጭብጨባ ላይ ክፍሉ በሙሉ «ብርድ!» አለ፤ አንዲት ልጅ ጋቢዋን ሰብሰብ ስታደርግ አየሁ።

ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ግራ እጇን አያለሁ። አውራ ጣቷ ጠቋሚውን፣ የመሐሉን፣ የቀለበቱን ጣት በዝግታ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ነው ስም የምትጠራው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ሦስት ሰከንድ ሲታገሡ ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝምና ዝም ባዮቹም እንደሚናገሩ አሳይታለች። ሦስት ሰከንድ በወሬ ቀላል ነው። 50 ዓይን እያየሽ ዝም ማለት ግን ልምምድ ይጠይቃል፤ እሑድ ዕለትም ባዶውን ክፍል እየጠየቀች ጣቷን ስትቆጥር አይቻት ነበር፤ ለካ ለዚህ ነው።

ያ ትልቁ ልጅ በሦስተኛው ጣት ላይ እጁን አወጣ። «በጉ ገብስ በላ» የሚለውን አነበበ። ፊደሎቹን አንድም አልሳተም፤ ግን «በላ»ን አላልቶ፣ «እስቲ በላ!» እንደሚባለው አነበበው። ትንንሾቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጁ ወደ ግድግዳው ዞረ።

መምህርቷ ሳቁን አልተቆጣችም። «ልክ ነህ» አለችው፤ «አንድም ፊደል አልሳትክም። ማጥበቁን ፊደላችን አይጽፍልንም፤ እኛ ነን የምንጨምርለት። እስቲ ሁላችሁም፣ መጀመሪያ እሱ እንዳለው።» ክፍሉ «በላ!» አለ አላልቶ። «አሁን በጉን አብሉት።» «በላ» አሉ አጥብቀው፣ እየሳቁ። በዚህኛው ሳቅ ልጁም ነበረበት። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ለማባበል ብላ ከትምህርቱ አንዲት ነገር አላጎደለችም።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ወደ ጉሙ ሲበተኑ እሷ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። እርሳሷን ከጸጉሯ ውስጥ አውጥታ «የሚሳሳቱበት» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ «በላ — ይጠብቃል። አላሰብኩትም ነበር።» ከዚያ ስንደዶዋን ከመሬት ፈልጋ አነሳች፣ አራገፈቻትና በካርቶኑ መሐል አስቀመጠቻት።